ማሞቂያ ያለው ማወቂያ

ጥር 11 ቀን

ጥፋተኛው ወንድምሽ ነው። ሰላምታው ይቆየን፤ መጀመሪያ ይህን ካላሰፈርኩ እጄ ወደ ሌላ ነገር አልሄድልኝ አለ።

ለወንድሜ ልጅ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ያለሽበትን አገር ብርዱን ይቀንስልሽ፤ አሠሪሽን ልበ ሰፊ ያድርግልሽ።

አሁን ወደ ነገሬ። ከኅዳር ወዲህ መኪናዬ መሪዋ ፊት ለፊት ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ቤንዚኑን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ይህስ ይሁን፤ የገደለኝ ጠረኗ ነው። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ የጫንኩት አንሶላ እንግዳ ማረፊያው እስኪደርስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የአንደኛው ማረፊያ ኃላፊ፣ ያቺ ቅንድቧን በእርሳስ የምትስለው፣ እንግዶች ተቀምጠው እያዩ አንሶላዬን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና፣ «እማማ፣ ይህን ያጠቡት በሳሙና ነው ወይስ በናፍጣ?» አለችኝ። እንግዶቹ ሳቁ። ሠላሳ አንሶላ መልሼ ተሸክሜ ስወጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሥጋ ዘመድ እያለ ባዳ ጋ አይኬድም ብዬ መኪናዋን ወንድምሽ ወደሚሠራበት ጋራዥ ወሰድኳት። በማግስቱ ልወስዳት ስሄድ እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል፤ መሪው ላይ ቁራጭ ወረቀት ትቶልኛል። ሠራተኞቹ እያዩኝ አነበብኩት። ማሞቂያው ተበላሽቷልና ይቀየር ይላል። እንደ ልማዴ አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ገብቶኛል» ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን ደሜ ፈላ። እኔ ዓመቱን ሙሉ መስኮት ከፍቼ የምነዳ ሴት ማሞቂያ ምን ሊሠራልኝ? ስለ ሽታ ነግሬው ስለ ሙቀት ይጽፍልኛል? ተመልሼ ሄድኩና ጋራዡ በሰው እንደ ሞላ ለባለቤቱ፣ ይህ ልጅ በማያስፈልገኝ ዕቃ የገዛ አክስቱን ሊልጥ ነው አልኩት። ባለቤቱ ቀድሞም ሌሎች ደንበኞች ያልተበላሸ ተቀየረብን እያሉት ሆዱ ሻክሮ ኖሯል። ወንድምሽን ጠራው።

«ማሞቂያ ይቀየር ብለህ ጽፈሃል?»

ወንድምሽ አየኝ። ኪሴን አየ። ከዚያ «አዎ፣ ጽፌያለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ጋራዥ ውስጥ «አቶ ዝምታ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በዚያው ቀን ተሰናበተ።

ራሱ ካመነ እኔ ምን ላድርግ? አባታችሁ ሲሞት ሁለታችሁን ያሳደግኩ ሴት ዛሬ በጎረቤት ፊት አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ጻፊለትና መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

አክስትሽ

የካቲት 6 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ጉልበትዎንም ከደረጃው ጋር ያስታርቅልኝ።

የጻፉትን አንብቤ ሦስት ቀን ከባልደረቦቼ ተለይቼ ብቻዬን ምሳ በላሁ። አፍሬ ነው። እዚህ የመኪና ጭስ መመርመሪያ ጣቢያ እንደምሠራ ያውቃሉ። ባልደረቦቼ እጄን አመስግነው ከማን ተማርሽ ሲሉኝ፣ ከመካኒኩ አባቴ፣ ግን ወንድሜን ብታዩት እኔን ትረሱኛላችሁ እላቸው ነበር። እንዳዘዙኝ ጽፌለታለሁ። ምን ብዬ እንደ ጻፍኩለት አይጠይቁኝ።

ስለ መኪናዋ ግን ጥቂት ልጠይቅዎ። ሽታው የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ብዙ ከነዱ በኋላ? ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ስንት ደቂቃ ይነዳሉ? ሞተሩን አስነስተው ነጭ ጨርቅ ከጭስ ማውጫው አንድ ክንድ ያህል አርቀው ይያዙና የሚያነሳውን ቀለም ይንገሩኝ። እጅዎን እንዳያቃጥልዎ።

ወንድሜ የተወልዎትንም ወረቀት ካላስቸገርኩዎ ገልብጠው ይላኩልኝ። ሐሳቡን ሳይሆን ቃሉን፣ እንዳለ።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 29 ቀን

ለ«እርስዎ» ባይዋ ልጄ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ትሕትናሽንም ልክ ያብጅለት። ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት? አፍንጫሽን የጠረግኩልሽ እኔ ነኝ። አፍንጫ የጠረገን ሰው አንቱ አይሉትም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሽታው የሚብሰው ጠዋት ነው። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ሩቅ ነድቼ ነበር፤ ስመለስ ምንም ጠረን አልነበራትም፤ ይኸው ተዳነ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እንደ ለመደችው ሸተተች። ከማረፊያ ማረፊያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እነዳለሁ፣ አቆማለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ደግሞ እነዳለሁ። ጨርቅ ላልሽው አሮጌ የትራስ ልብስ ያዝኩ። የድስት ቂጥ መሰለ። ሁለት ጊዜ ቀቅዬው አለቀቀም።

ሌላ መካኒክ ጋም ሄጄ ነበር፤ አፉ ቅቤ የሆነ፣ «እናቴ፣ ለእርስዎ ነፍሴን» የሚል። ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሰካ፣ መብራቱ ጠፋ። መርቄው ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ከነወንድሙ ተመለሰ፤ አሁን ሁለት ነው የሚበራው።

ወረቀቱን ገልብጪ ላልሽው፣ የማታምኚኝ ለምንድን ነው? በሃምሳ ሦስት ዓመቴም ቢሆን ፊደል ቆጥሬያለሁ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ሳይሆን ስሜን በእጄ ጽፌ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ቤት መምህሬ፣ ከአንቺ የምታንስ ልጅ፣ እኔን በሰው መሐል «የፊደሉን ክብ ሳይቆጥሩ አይለፉ» እያለች ስታስለቅሰኝ ነው የከረመችው። ክብ ስቆጥር ነው ያረጀሁት። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቀመጥ።

ወንድምሽ ይቅርታ ሊጠይቀኝ አልመጣም። እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል አሉኝ። ጎረቤቴ ጀርባው ጎብጦ አይታዋለች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

የተበላሸው ዕቃ ምን እንደሆነ ካወቅሽ ላኪልኝና ልረፍ።

አክስትሽ

መጋቢት 17 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ እጅዎ ከሳሙና ቁስል ይጠበቅልኝ።

እርስዎ ያልኩት ከአክብሮት ነው። ይህን እንለፈው።

የትራስ ልብሱ ነገሩን ነገረኝ። ሞተርዎ ከሚያስፈልጋት በላይ ቤንዚን እየጠጣች፣ ያላቃጠለችውን በጭስ ማውጫው ትተፋለች። ለምን ቢሉ፣ ጭሱ በሚወጣበት ቱቦ ላይ የምትሰካ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ ብረት አለች። ሥራዋ ጭሱ ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደ ቀረ አውቃ ለመኪናዋ ኮምፒውተር መንገር ነው፤ ኮምፒውተሩም እሷ እንደ ነገረችው ቤንዚኑን ይመጥናል። የጋራዥ ሰው ሁሉ ሴንሰር ይላታል። አባቴ ግን ያ ቃል አፉን አልሞላ ስላለው «ማወቂያ» ነበር የሚላት፤ እኔና ወንድሜም በዚያው ቀረን።

ይህች ማወቂያ ካልጋለች አትሰማም። ጭሱ እስኪያግላት ብዙ ስለሚቆይ ውስጧ ትንሽ ማሞቂያ ተደርጎላታል፤ ሞተሩ እንደ ተነሳ ያግላታል። እንግዲህ የእርስዎ መኪና ያላት ማሞቂያ ያለው ማወቂያ ነው ማለት ነው። ማሞቂያው ከተቃጠለ ማወቂያው በብርድ ደንቆሮ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም እንዳያንስ እያለ ቤንዚን ያበዛል። ሩቅ ሲነዱ ጭሱ ራሱ ያግለዋልና ሽታው ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ነድተው ሲያቆሙ ግን ሁሌም ብርድ ላይ ነው።

ይህ ግምቴ ነው። ዕቃው እዚህ በቀላሉ ይገኛል፤ ግን ሳይለካ አልልክም። አባቴ «ሳይለካ የቀየረ ሌባ ነው፣ ቢሳካለትም» ይል ነበር። ቴስተር፣ ያ ኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ያለው ሰው ይፈልጉ፣ መካኒክ ባይሆንም ግድ የለም። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ ፊውዙን ይይ። ቀጥሎ የማወቂያውን ሶኬት ይንቀል፤ አራት ሽቦ አለው፤ ቀለማቸው አንድ የሆነው ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። ቁልፉ ሲከፈት ከመኪናዋ በኩል ኤሌክትሪክ መምጣቱን ያረጋግጥ። ከዚያ በማወቂያው በኩል ሁለቱን ተመሳሳይ ሽቦዎች ይለካ። ጥቂት ኦም ካነበበ ማሞቂያው ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ወንድሜ በመጨረሻ አንድ መስመር ጻፈልኝ። «ለአክስቴ ማወቂያውን ላኪላት፤ አንሶላዋ እንዳይመለስባት» ይላል። ስለ ራሱ ምንም የለበትም። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ያንን ወረቀት ይገልብጡልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 4 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለሚለካ እጅ በረከት አይጥፋ።

የዘገየሁት ስላልፈለግሁ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የትኛውም ጋራዥ በር ላይ መቆም አሳፍሮኝ ነው። ኋላ የካውያዬን ክር የሚጠግንልኝ ሽማግሌ ትዝ አለኝ፤ ያ መነጽሩን በክር ከጆሮው ጋር ያሰረው። ቴስተር አለው። ደብዳቤሽን ይዤ ሄድኩ። እሱ ያንብቡልኝ ሳይለኝ እኔም አንብብልኝ ሳልለው፣ ራሱ ከእጄ ወስዶ አነበበው፤ ተገላገልኩ።

ግቢዬ መጥቶ ከመኪናዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ገባ። ፊውዙ ደህና ነው። ከመኪናዋ በኩል መብራት ይመጣል። ከዚያ ሁለቱን ነጫጭ ሽቦዎች ለካ። አንዴ ለካ፣ ቴስተሩን በጥፊ መትቶ ደግሞ ለካ። ምንም። ወጥቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ይህ እንደ ካውያዎ ነው፤ ክሩ ተበጥሷል። ክሩ የተበጠሰ ካውያ ልብስ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው» አለኝ። ቀጥሎ፣ ይህን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው ሲለኝ፣ አንድ መካኒክ ነኝ ባይ አልኩት። ራሱን ነቅንቆ፣ «ነኝ ባይ አይደለም፤ ነው» አለ።

እንግዲህ ማሞቂያው በእርግጥ ሞቷል። ወንድምሽ አልዋሸም። ቢሆንም የመኪናዋ የውስጥ ማሞቂያ እንዳልሆነ ማስረዳት አልነበረበትም? አፍ የለውም? አንቺም ብትሆኚ ስትጽፊ አስተውዪ። «ማሞቂያ ያለው ማሞቂያ» ብለሽ ጽፈሻል። ማሞቂያው ከተቃጠለ ማሞቂያው ይደነቁራል ትያለሽ። አባትሽም ሴንሰሩን «ማሞቂያ» ነበር የሚላት ትያለሽ። ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?

ወረቀቱንም ይኸው። አንቺ ስትነዘንዢኝ፣ መስኮቱ ላይ አንዱን ወረቀት በሌላው ደርቤ፣ በብርሃኑ እንደ ጥልፍ ንድፍ መስመሩን ተከትዬ ነው የሣልኩት። ነቁጧን እንኳ አልሳትኩም።

«ማወቂያው ተበላሽቷል። ብርድ ላይ አይሠራም። ይቀየር።»

አየሽ? እንደ ነገርኩሽ ነው።

አክስትሽ

ግንቦት 27 ቀን

አክስቴ፣

ዓይንሽን ያብራልኝ፤ ለእኔም ይህን ደብዳቤ ያለ ጥፋት መጨረስን ይስጠኝ።

ዕቃውን ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል።

አሁን ወንድሜ የጻፈልሽን ወረቀት ከኪስሽ አውጪ። የመጋቢቱን ደብዳቤዬን አጠገቡ አስቀምጪ። የወረቀቱን የመጀመሪያ ቃል ሁለተኛ ፊደል ብቻ እዪ። ከዚያ መምህርሽ እንዳለችሽ ክቡን ቁጠሪ።

ቆጥረሽ ከጨረስሽ ቀጥዪ።

እሱ ለሌላው ደንበኛ ሁሉ «ሴንሰር» ብሎ ነው የሚጽፈው። ላንቺ ግን የፈረንጅ ቃል እንዳያስቸግርሽ ብሎ የቤታችንን ቃል ጻፈልሽ። በስልክ አግኝቼው ነገረኝ። ባለቤቱ «ማሞቂያ ብለህ ጽፈሃል?» ሲለው ወዲያው ገብቶታል። ለምን ዝም አልክ አልኩት። «ታዲያ ምን ልበል? አክስቴ ማንበብ አትችልም ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አለኝ። ከዚያ ጆንያ የጫነ መኪና መጥቶበት ስልኩን ዘጋው።

አክስቴ፣ አንቺን ልወቅስ አይደለም። የካቲት ላይ «ስማችንን አጠፋህ፣ የአባታችንን አጥንት አሳፈርክ» ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቀው። ለመኪናሽ ሳይለካ አልፈርድም ያልኩ ሰው በወንድሜ ላይ ሳልለካ ፈረድኩ። እርስዎ ያልኩሽም ሌባ ወንድም ይዤ ፊትሽ መቆም ስላሳፈረኝ ነበር። ይህን ለእሱ ነግሬዋለሁ። «እሺ» አለኝ። እሺ ብቻ።

ልጅሽ

ሰኔ 22 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ምን እንደምመርቅሽ አላውቅም። ከእኔ የተሻለ ዘመድ ይስጥሽ።

ቆጠርኩ። አንድ ነው። መሐሉ የተሰመረበት አንድ ክብ። የ«ሞ» ሁለት ነው፣ የተጣበቁ። ደብዳቤሽን ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፤ በየመስመሩ ሁለቱም ተቀምጠዋል፣ ማወቂያና ማሞቂያ፣ እንደ እህትማማቾች። እኔ ሁለቱንም በአንድ ስም ስጠራቸው ኖሬያለሁ። ያልተተኮሰ አንሶላ መሐል ቁጭ ብዬ ካውያው እስኪቀዘቅዝ ቆየሁ።

በማግስቱ ዕቃውን ይዤ መጋዘኑ ሄድኩ። ወንድምሽ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አገኘሁት። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። እሱ ጆንያውን ሳያወርድ፣ «አክስቴ፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም ትሸታለች?» አለኝ። ካርቶኑን ብቻ አሳየሁት። ያኔ ጆንያውን አወረደ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ካርቶኑን ከፈተ፣ ሽቦዎቹን ቆጠረ።

እሑድ መጣ። አሮጌዋ ዝጋ አልላቀቅ ብላው ዘይት እየረጨ ሲታገላት ዋለ። አዲሷን ሰካ። ሞተሩ ቀዝቅዞ አደረና በማግስቱ ጠዋት አስነስተን ነጭ የትራስ ልብስ ያዝኩ። እንፋሎት አረጠበው እንጂ ነጭ ነው። መብራቶቹን ባንድ የእጅ መሣሪያ አጠፋቸው፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፣ አልተመለሱም። ባለ ቅንድቧም አንሶላዬን ትቀበላለች፤ አሁንም ግን ታሸታለች።

ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደል» አለኝ። ምንም አይደል እንዲለኝ አልፈለግሁም ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋራዡም ሄድኩ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት መርጬ። ጥር ላይ የጮኽኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ባለቤቱን አስጠራሁ። ወረቀቱን አወጣሁ። ከመታጠፉ ብዛት በአራት ሊከፈል ደርሷል። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማ፣ ወ፣ ቂ፣ ያ፣ ው። እንደ ሕፃን። ያነበብኩት ተሳስቼ ነው፣ ልጁ ትክክል ነበር፣ ዝም ያለው እኔን ሊሸፍን ነው አልኩ። አንዱ ከመኪና ሥር ሆኖ፣ «እማማ፣ እንኳን ፍሬኑን ፍሬው ብለው አላነበቡት» አለ። ሳቁ። ይሳቁ፤ ልጁ በዝምታው ያስቀረልኝ ይህንን ሳቅ ነበር፣ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አየና፣ ያኔ ቢያሳዩኝ ኖሮ አለ። አንተስ ብትጠይቀኝ ኖሮ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ይመለስ ብሏል። ወንድምሽ አስብበታለሁ ብሎ እስከ ዛሬ እያሰበ ነው። ጆንያውንም አልተወም። ሂድ ብዬ አልነዘነዝኩትም። የማዝዝበት አፍ የለኝም።

ወደ ትምህርት ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ጀማሪዎቹ ጋ ቁጭ ብያለሁ። መምህሬ ምን ሊሠሩ መጡ አላለችኝም፤ ወንበር ሳበችልኝ። የጥር ደብዳቤዬን ካልጣልሽው የመጀመሪያዋን መስመር ሰርዢልኝ። ወይም አትሰርዢው፤ ከሥሯ እውነቱን ጻፊበት፣ ክቡን ቆጥረሽ።

ትናንት ባለ ቅንድቧ ስለ መጋረጃዎቿ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችኝ። እጄ ሊያጥፈው ጀመረ። አቆምኩት። «ይህቺኛዋን ቃል አንብቢልኝ» አልኳት፣ እንግዶች ተቀምጠው እያዩ። አነበበችልኝ። ከእንግዲህ ያልገባኝን ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ አልከትም።

አክስትሽ